ጠረጴዛዬን ዘይት ላጠጣው ወይስ ልተወው?

አዲስ ተከራይ፦

ጤና ይስጥልኝ። አንድ ቤተሰብ ቤት ሲቀይር የሸጠውን የምግብ ጠረጴዛ ገዛሁ። ስድስት ወንበሮች አሉት። ድፍን እንጨት ነው። ከስሩ ገብቼ አይቻለሁ፤ ላዩ ላይ ያለው መስመር ጫፉ ላይ ዞሮ ይቀጥላል፣ የተለጠፈ ነገር የለውም። ሁለት ሰው ሲያነሳው እንኳ ወገብ ይፈትናል።

ግን ጉዳት አለው። ላዩ በሙሉ ደብዝዟል። መሃሉ ላይ ትኩስ ዕቃ የተቀመጠበት የሚመስል ነጭ ክብ አለ። ጥጉ ላይ ደግሞ ጥቁር ክብ አለ፤ የአበባ ማስቀመጫ ቆሞበት የኖረ ይመስለኛል። ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ የገባ ስንጥቅም አለው። ጥፍር ያስገባል። ሁለቱ ወንበሮች ሰው ሲቀመጥባቸው ይንቀጫቀጫሉ።

ምክር ብጠይቅ ምክር በዛብኝ። አክስቴ «እንጨት ይጠማዋል፣ የምግብ ዘይት አጠጪው» አሉኝ። ጎረቤቴ የሚረጭ ፖሊሽ ይዛልኝ መጣች። የሥራ ባልደረባዬ «ፍቀሽ ፍቀሽ አዲስ ቫርኒሽ ቀቢው» ይላል። ስንጥቁን በስቱኮ ድፈኚው ያለኝም አለ። እስካሁን በደረቅ ጨርቅ ከመወልወል ሌላ ምንም አላደረግኩም። ከየት ልጀምር?

ሰነፍ ነኝ፦

የኔ ዘዴ አጭር ነው። ፕላስቲክ አልብሺው፣ ከዚያ እርሺው። ክቡም አይታይ፣ ስንጥቁም አይታይ።

ቀባሁት አለቀ፦

ባልደረባሽ ልክ ነው። መፈቅፈቂያ ማሽን ተዋሺ፣ እስከ ባዶው እንጨት አውርጂው፣ ከዚያ ፖሊዩሬታን የሚባለውን ቫርኒሽ ሦስት እጅ ቀቢው። ቅዳሜና እሁድ ይበቃሻል። ሌላው ወሬ ነው።

መጋዝና መሮ፦

እህቴ፣ ዘይቱም ማሽኑም ለጊዜው ይቆዩ።

የቤት ዕቃ ጥገና እንጀራዬ ነው። እጄ ላይ ከሚገቡት ጠረጴዛዎች ብዙዎቹን የጎዳቸው እርጅና አይደለም። እንክብካቤ ነው። አንዱ ዘይት ይቀባዋል፣ ሌላው ይረጭበታል፣ ሦስተኛው ይፍቀዋል። በመጨረሻ እኔ ጋ ሲመጣ ከእንጨቱ ጋር ሳይሆን ከተቀባበት ነገር ጋር ነው የምታገለው።

«እንጨት ይጠማዋል» የሚለውን እንተወው። የተቆረጠ እንጨት አይጠጣም፣ አይመገብም። ያንቺን ጠረጴዛ ስትዳስሺ እጅሽ የሚነካውም እንጨቱን አይደለም። ከላይ ያለውን ስስ የቫርኒሽ ቆዳ ነው። ደበዘዘ የምትዪውም ይኸው ቆዳ ነው። አቧራና የሳህን መጎተት በደቃቅ ጭረት ይሞሉታል። ያኔ ብርሃን እኩል አይመለስም፤ ይበተናል። ዘይት ሲቀባ ጭረቱ ውስጥ ይገባና ለአንድ ሁለት ቀን ያብለጨልጫል። አክስትሽ ያዩት ይህንን ነው፤ አልዋሹም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ዘይት ሁሉ አይደርቅም። የተልባ ዘይት ይደርቃል። ውሃ እንደሚተን ግን አይደለም፤ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል። የወይራ ዘይት ግን እንደ ቀለም ደርቆ አይጠነክርም። እንደረጠበ ይቀመጣል። አቧራ ይይዛል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ቆይቶም ይሸታል።

የሚረጨው ፖሊሽስ? ብዙዎቹ ሲሊኮን አለባቸው። ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን አንድ ቀን ጠረጴዛውን እንደገና ልቀባ ብትዪ፣ አዲሱ ቫርኒሽ ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ አልይዝም ብሎ ይሸሻል። ትናንሽ ጉድጓዶች ይሠራል። እኔ ሲሊኮን የጠጣ ዕቃ ሲመጣብኝ ፊቴ ይጠቁራል። ጎረቤትሽን አመስግኚና መስታወት ጥረጊበት።

አሁን ሁለት ነገር አድርጊልኝና ተመለሺ።

አንደኛ፣ ቆዳው ምን እንደሆነ እንወቅ። የማይታይ ቦታ ምረጪ፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ ስር ወይም እግሩ ከውስጥ በኩል። የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አልኮል ነክረሽ አንድ ቦታ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ያዢው። ከተጣበቀ ወይም ቡናማ ነገር ጥጡ ላይ ከወጣ ሼላክ ነው። ሼላክ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፣ አልኮል ያሟሟዋል። አልኮሉ ምንም ካላደረገው የላከር ቲነር ሞክሪ። እሱ ካለሰለሰው ላከር የሚባለው ቫርኒሽ ነው። ሁለቱም ንቅንቅ ካላደረጉት ምናልባት ፖሊዩሬታን ነው፣ እሱ ጠንካራ ነው። ቲነሩን ስትነኪ መስኮት ክፈቺ።

ሁለተኛ፣ ከጠረጴዛው ስር ግቢና ገበታው ከእግሩ ፍሬም ጋር በምን እንደተያያዘ ንገሪኝ። ስንጥቁን ከመድፈን በፊት ለምን እንደተሰነጠቀ ማወቅ አለብን።

ቀባሁት አለቀ፣ ወንድሜ፣ ባዶ እስኪሆን መፋቅ የመጨረሻው መንገድ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የተፋቀ እንጨት አይመለስም። ደግሞ ይህች እህት ድፍን እንጨት ነው የያዘችው። ያንተን ምክር ያነበበ ሌላ ሰው ግን ስስ የእንጨት ልባጭ የተለጠፈበት ጠረጴዛ ሊኖረው ይችላል። የዛሬዎቹ ልባጮች ብዙ ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞሉም። ማሽኑ አንዴ ዞር ሲል ከስሩ ያለው ኮምፔንሳቶ ብቅ ይላል። ያኔ ምን ልትለው ነው?

ቀባሁት አለቀ፦

ልባጩ ላይ እውነትህን ነው። ድፍኑ ላይ ግን አሁንም አቋሜን አልቀይርም። ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ሼላክ አያዋጣም።

መጋዝና መሮ፦

ልጆች ካሉ፣ አዎ። ፖሊዩሬታን ለውሃም ለጭረትም ይሻላል። ግን እሷ ስለ ልጆች አላወራችም።

አዲስ ተከራይ፦

ልጆች የሉም :) 

አልኮሉን ሞከርኩ። ጥጡ ተጣበቀ፣ ቡናማ ሆኖም ወጣ። ስለዚህ ሼላክ ነው ማለት ነው?

ከስሩም ገብቼ አየሁ። የገበታው ሳንቃዎች ጎን ለጎን ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው። ከፍሬሙ ጋር ደግሞ በብረት ማዕዘኖች ተይዘዋል። ስድስት ብረቶች ናቸው፣ ሁሉም በብሎን ጥርቅም ብለው ታስረዋል። ብረቶቹ ከጠረጴዛው አዲስ ይመስላሉ። ከጎናቸው ደግሞ ፍሬሙ ውስጥ የተቆረጡ ባዶ ጎድጓዳ መስመሮች አሉ። ለምን እንደሆኑ አልገባኝም።

መጋዝና መሮ፦

በጣም ጥሩ አድርገሽ አይተሻል። ስንጥቁን ያመጣው ያገኘሽው ነገር ይመስለኛል።

እንጨት ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይሰጣል። ቫርኒሽ ይህንን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። እርጥበት ሲገባበት ይሰፋል፣ ሲወጣ ይጠባል። የሚሰፋው ግን በስፋቱ ብቻ ነው፤ በርዝመቱ የሚለወጠው ከቁብ አይቆጠርም። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ገበታ ከደረቁ ወር እስከ እርጥቡ ወር ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ሊለዋወጥ ይችላል። እንደ እንጨቱ ዓይነትና ሳንቃው ከግንዱ እንደተቆረጠበት አቅጣጫ ይለያያል። ማንም አያስቆመውም። ሊያስቆመው የሚሞክር ሰው ወይ ብሎን ይሰብራል፣ ወይ እንጨት ይሰነጥቃል።

ስለዚህ ጥሩ አናጺ ገበታውን አጥብቆ አያስርም። ያ ባዶ ጎድጓዳ መስመር ለዚህ ነው የተቆረጠው። ድሮ ውስጡ የሚገቡ ትናንሽ የእንጨት ቁልፎች ነበሩት። ቁልፉ ገበታው ላይ በብሎን ይታሰራል፣ ምላሱ ግን መስመሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። ገበታው ወደ ታች ተይዟል፣ ወደ ጎን ግን ነፃ ነው። አንድ ሰው ቁልፎቹ ሲጠፉ ወይም ሲላሉ በብረት ተካቸው። ማጠናከሩ ነበር። አየሩ ሲደርቅ ገበታው ልጠብ አለ፣ ብረቱ አይሆንም አለ። በዚህ መሃል እንጨቱ ጫፉ ላይ ተቀደደ። እንጨት በጫፉ በኩል እርጥበት ቶሎ ስለሚያጣ፣ ብዙ ጊዜ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። መሃል ላይ ያሉትን ሁለት ብረቶች እንዳሉ ተያቸው። ጠርዝና ጠርዝ ላይ ያሉትን አራቱን ፍቺ። ከገበታው ጋር የሚያያዘውን ቀዳዳቸውን በመሰርሰሪያ ወደ ሞላላ አስፊው። ሞላላው በገበታው ስፋት አቅጣጫ ይሁን፣ በርዝመቱ አይደለም። ከዚያ ከሮንዴላ ጋር መልሰሽ እሰሪያቸው። ብሎኑን እስኪነካ አጥብቂውና ሩብ ዙር መልሰሽ አላይው። ወይም የእንጨት ቁልፎቹን አናጺ ያሠራልሽ፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ፣ ለዓይንም ያምራል።

ስንጥቁን ስቱኮ አትሙዪበት። አሁን ደረቅ ወቅት ከሆነ ስንጥቁ ተከፍቶ ነው ያለው። እርጥበቱ ሲመለስ ሊዘጋ ይፈልጋል። ውስጡ ደረቅ ስቱኮ ካለ ማረፊያ ያጣል፣ ወይ ስቱኮው ይፈነቀላል፣ ወይ ስንጥቁ ይረዝማል። ብረቱን ካላላሽ በኋላ አንድ ሙሉ ዓመት ጠብቂ። ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠባል። ካልጠበበ ያኔ ቀጭን የእንጨት ስንጥር በኮላ ይገባበታል።

ለወደፊቱ ጠረጴዛው ከማሞቂያ፣ ከምድጃና ቀጥታ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ይራቅ። የቤቱ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ዋናው ግን ድንገት አለመለዋወጡ ነው።

ወደ ክቦቹ ልምጣ። ነጩና ጥቁሩ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ነጩ ቆዳው ውስጥ የታሰረ እርጥበት ነው፣ እንጨቱ ጋ አልደረሰም። መጀመሪያ ፀጉር ማድረቂያ ሞክሪ። ሙቀቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጊ፣ ሁለት ስንዝር ያህል ራቅ አድርገሽ ያዢ፣ እያንቀሳቀስሽ። ካልሄደ ቫዝሊን ቀብተሽ አሳድሪውና ጠዋት ጥረጊው። በኢንተርኔት ካውያ አስቀምጪበት የሚሉ አሉ። ያንቺ ሼላክ ስለሆነ ካውያውን ተዪው፤ ሼላክ በሙቀት ይለሰልሳል፣ የጨርቁ ሽመና ይታተምበታል። ሁለቱም እምቢ ካሉ የመጨረሻው መንገድ አልኮል ነው። ንጹህ የጥጥ ጨርቅ በአልኮል አርጥበሽ በደንብ ጭመቂው፤ እጅሽን ሲነካ ቀዝቀዝ ብቻ ይበል። ክቡ ላይ ላባ እንደሚነካ አድርገሽ አሳልፊው፣ አንድም ቦታ ላይ አትቁሚ። ከቆምሽ ቆዳው ይነሳል።

ጥቁሩ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ውሃው ቆዳውን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። እንጨት ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ብረት የነካው ውሃ ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ቀለም እንደሚሠራ ማለት ነው። ይህንን የሚያነጣ ኦክሳሊክ አሲድ አለ። ግን መርዝ ነው፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ ይፈልጋል፣ ቆዳውን መጀመሪያ ማንሳት ይጠይቃል፣ በኋላም ደጋግሞ ማጠብ አለው። ለአንድ ጥግ ይህ ሁሉ? እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ከፈለግሽ አበባውን መልሰሽ እዚያው አስቀምጪበት፣ ከስሩ ግን ሰሃን ይኑረው።

ሰነፍ ነኝ፦

ስለ ፕላስቲኩ ማንም አልመለሰልኝም። ዝም ማለት መስማማት ነው?

የላብራቶሪ ሰው፦

ጋሽ መሮ ከሚያውቁት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህንን አንብቦ የተልባ ዘይት ሊገዛ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። የተልባ ዘይት ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል። ሰሌዳ ላይ ቢሆን ሙቀቱ ይበተናል። የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ግን መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፣ ጨርቁም ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። ውጪ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡት።

መጋዝና መሮ፦

ይሄ ወርቅ ምክር ነው። እኔ ጨርቁን ሽቦ ላይ ነው የማሰጣው።

አዲስ ተከራይ፦

ነጩ ክብ በፀጉር ማድረቂያው ግማሹ ሄደ፣ የቀረውን ቫዝሊኑ ወሰደው። አልኮሉ ሳያስፈልግ ቀረ! ብረቶቹን ወንድሜ ያስተካክልልኛል። ጥቁሩን ተውኩት።

አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። የደበዘዘው ነገርስ? ወንበሮቹስ? አንዱን ወንበር ስገለብጠው ደግሞ እግሩ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች አየሁ። መርፌ የወጋቸው ይመስላሉ። ደነገጥኩ።

መጋዝና መሮ፦

እንኳን ደስ አለሽ። ለነጩ ክብ ማለቴ ነው።

ለድብዝዙ የንብ ሰም ይበቃል፤ በቆርቆሮ የሚሸጠው ለስላሳው። መጀመሪያ አቧራውን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጊ፣ ወዲያው በደረቅ አድርቂ። ሰሙን በጨርቅ በጣም ስስ አድርገሽ ቀቢ። በጣም ስስ ስል የምር ነው፤ የሚበዛው ሰም ያጣብቃል። ሩብ ሰዓት ያህል ተዪውና በንጹህ ጨርቅ ጠንከር አድርገሽ ፈትጊው። በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ በቂ ነው። ሰም ግን ትኩስ ነገር አይችልም፤ የንብ ሰም 62 ወይም 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ከኩባያ ስር ማስቀመጫ አድርጊ።

ወንበሮቹ ላይ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አታድርጊ። ሚስማር አትምቺ። ሚስማር መጋጠሚያውን አያጠብቀውም፣ ውስጡ ያለውን ጫፍ ይሰነጥቀዋል። ኮላም ከውጪ አታፍስሺበት። አዲስ ኮላ በደረቀ አሮጌ ኮላ ላይ አይይዝም። የሚወዛወዘውን እግር ሙሉ በሙሉ አውጪው። በጎማ መዶሻ ቀስ እያልሽ፣ ወይም መሃሉ ላይ ጨርቅ አድርገሽ። አሮጌውን ኮላ እስከ እንጨቱ ፋቂ፤ እንጨቱን ግን አትፋቂ፣ ይላላል። አሮጌው ኮላ በሞቀ ውሃ ከሟሟ የእንስሳ ኮላ ነው፣ ዕድለኛ ነሽ። ከዚያ ነጩን የእንጨት ኮላ ሁለቱም ላይ ቀብተሽ ግጠሚ። ሞርሳ ከሌለሽ አራቱን እግር በገመድ ዙሪያውን እሰሪና መሃሉ ላይ ዱላ አስገብተሽ ጠምዝዢው። ገመዱ እንደ ሞርሳ ያጠብቃል። ወንበሩን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሚው፣ አራቱም እግሮች መሬት መንካታቸውን እዪ። አሳድሪው።

ቀዳዳዎቹ ላይ አትደንግጪ። ነቀዝ የወጣበት ቀዳዳ ለዘላለም ይኖራል፣ ነቀዙ ግን ከሄደ ዓመታት ሊሆነው ይችላል። መኖሩን ማወቅ ቀላል ነው። ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ክበቢያቸው። ከወንበሩ ስር ጥቁር ወረቀት አንጥፊ። ዱቄት የሚመስል ነገር ወረቀቱ ላይ ከወረደ፣ ወይም ከክቦችሽ ውጪ አዲስ ቀዳዳ ካየሽ፣ ነዋሪ አለ። ውስጡ ነጣ ያለ ቀዳዳም አዲስ ነው። የድሮው በአቧራ ጠቁሯል። አንዴ የወረደ ዱቄት ብቻውን አይፈረድበትም፤ ወንበሩን ስትገለብጪው የድሮው ሊፈስ ይችላል። ጥረጊውና ጥቂት ወራት ጠብቂ፤ በተለይ በሞቃቱ ወቅት፣ ያኔ ነው የሚወጡት።

ነዋሪ ካለ ወንበሩን ከሌሎቹ ለዪው። ትንሽ ዕቃ ቢሆን ፕላስቲክ ውስጥ ጠቅልለሽ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ብታቆዪው ይሞታል። ወንበር የሚያስገባ ማቀዝቀዣ ማን አለው? ስለዚህ ቫርኒሽ ያልተቀባውን የውስጥ ክፍሉን ቦሬት ባለው የእንጨት መድኃኒት ማስጠጣት ነው። በቫርኒሽ ላይ አይገባም፣ አትድከሚ።

አዲስ ተከራይ፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ጥቁር ወረቀቱን አንጥፌያለሁ። የሚወርድ ነገር ካለ እዚሁ እጽፋለሁ።

ቀባሁት አለቀ፦

የገመድና የዱላው ነገር ተመችቶኛል። ሦስት ሞርሳ ገዝቼ ነበር።

ሰነፍ ነኝ፦

ፕላስቲክ። እየጠበቅኩ ነው።

መጋዝና መሮ፦

አንተ ልጅ አትተወኝም። ፕላስቲኩን ዛሬውኑ አንሳው። ለስላሳ ፕላስቲክ የሚለሰልሰው በተጨመረበት ኬሚካል ነው። ያ ኬሚካል ቀስ እያለ ወደ ቫርኒሹ ያልፍና ያለሰልሰዋል። ከዓመት በኋላ ልታነሳው ስትል ከጠረጴዛው ጋር ተጣብቆ ታገኘዋለህ። ከስሩ የገባ ውሃም መውጫ የለውም። መሸፈን ካለብህ የጥጥ ጨርቅ አድርግ፣ እሱንም አልፎ አልፎ አንሳው፤ አለበለዚያ የተሸፈነውና ፀሐይ የነካው ቦታ ቀለማቸው ይለያያል።

ሰነፍ ነኝ፦

አነሳሁት። ተጣብቋል።

መጋዝና መሮ፦

አትጎትተው። ቫርኒሹን ይዞ ይነሳል። ፀጉር ማድረቂያውን ዝቅ አድርገህ ከጠርዙ ጀምር፣ ፕላስቲኩ ለዘብ ሲል ወደ ኋላ እያጠፍክ ቀስ ብለህ ላጠው። ከተነሳ በኋላ ላዩ የሚጣበቅ ከሆነ ምንም ሳትቀባበት አየር እንዲያገኝ ጥቂት ሳምንት ተወው። ከዚያ ፎቶ ላክልኝ።